የአበረ ጎፈሬ

«አበረ ጎፈሬውን ተላጭቷል።»

ወሬውን ከአምበር ገበያ ያመጣችው ታየች ናት፤ የያለምወርቅ አክስት፣ የአባቷ እህት። ከጨውና ከበርበሬው ጋር ቋጥራ አመጣችው። ጨውና በርበሬው ቶሎ አለቀ፤ ወሬው ግን ከረመ። መጀመሪያ ለጎረቤት ነገረች። እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነገረች። ከዚያ ዞራ ለራሷ ለያለምወርቅ፣ ከዚህ በፊት ነግራት እንደማታውቅ ሁሉ፣ እንደ አዲስ ነገረቻት። ወሬው በሄደ ቁጥርም ወፈረ። መስከረም ሲጠባ አበረ የተላጨው በምላጭ ነበር። በመስቀል ማግስት በጠርሙስ ስባሪ ሆነ። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ ወንበር ተሰጥቶት፣ የጣልያን ፀጉር ቆራጭ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሮለት፣ ሲጨርስም ሳሙና መርቆለታል። ሳሙናው ቢጫ ነው። ታየች ሽታውን ሳይቀር ትናገር ነበር።

ጣልያን ደብረ ማርቆስን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በረሃ የወረደ አርበኛ «አገሬ ነጻ እስክትወጣ ራሴን ምላጭ አይነካውም» ይልና ጎፈሬውን እስከ ትከሻው ያሳድጋል። ለጣልያን እጁን የሰጠ፣ ሰዉ «ገባ» የሚለው፣ መጀመሪያ የሚያጣው ያንኑ ፀጉር ነው። በዚያ ዘመን የሰው ልብ የሚነበበው ከአናቱ ላይ ነበር፤ ፊደል ያልቆጠረውም ሁሉ ያነብ ነበር።

አበረ የያለምወርቅ ባል ነው። ትታው ወደ አባቷ ቤት ከመጣች ሁለት ክረምት አልፏል፤ ሰማንያቸው ግን አልፈረሰም። እሱም በረሃ ወርዶ ነበር፤ አሁን መልእክት ልኳል፤ ለኅዳር ሚካኤል ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ከዲማ መለስ ብሎ ወዳለው ወደ እናቱ ቤት እንድትመለስ ይለምናሉ፣ እሷም እሺ ወይ እምቢ ትላለች። አገሩ ግን ቀድሞ ተቀምጦ ፈርዶላታል። ጎፈሬው ካለ ትመለሳለች፤ ለአገር የወጣን ባል እምቢ ማለት ነውር ነው። ከተላጨ ትቀራለች፤ የገባ ሰው ሚስት መሆን የባሰ ነውር ነው። በዚህ ቄሱም፣ ጎረቤቱም፣ ታየችም ተስማምተዋል። የቀረው ፀጉሩን በዓይኑ ያየ ሰው ማግኘት ብቻ ነው።

ያለምወርቅን የጠየቃት የለም። ቢጠይቋትም የምትለውን አታውቅም ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ያናደዳት ይኸው ነው። አምበር ገበያ ላይ ነጋዴ አፉን ሳይከፍት መልሱን የምትሰጥ ሴት፣ በገዛ ራሷ ነገር አፏ ተያዘ።

ዘንጋዳው ሲያሸት ምክንያት አገኘች። ከወንዙ በላይ ያለው ማሳ የሟች እናቷ ርስት ነው፤ በየዓመቱ ወፍ የሚጠብቀው ጎረምሳ ዘንድሮ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ አርበኛ ሆኗል።

«እኔ እጠብቃለሁ» አለች።

ታየች የምትፈትለውን ጥጥ ከእጇ ጣለች። «ሴት ልጅ፣ ያውም የሰው ሚስት፣ ዛፍ ላይ?»

«ዛፍ ላይ አይደለም እትዬ። ማማ ላይ ነው።»

«ማማው የቆመው ምን ላይ ነው?»

«ብሳና ላይ።»

«ታዲያ ብሳና ምንድን ነው፣ ጎመን ነው?»

አባቷ እንዳላማው የእርፉን እንጨት እየጠረበ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ እህቱ ሙሉ ቀን የምታወራውን እሱ በዓመት አያወራውም። ቀና ሳይል፣ «ተያት» አለ። «ሰው ከምትሰማ ወፍ ብትሰማ ይሻላታል።»

እንዲህ ሆኖ ወጣች። ሰዉ ደግሞ ዝም አላለም፤ «ማማ ላይ የወጣችው የባሏን መምጫ ልታይ ነው» አለ። ይበል ብላ ተወችው።

ማማው በብሳናው ቅርንጫፎች መካከል የተጋደመ የእንጨት ርብራብ ነው፤ ከላዩ የሣር ክዳን አለው። ከጎኗ የጭቃ ድቡልቡልና ጠጠር ከምራለች፤ ወንጭፏን ራሷ ከፍየል ፀጉር ጎንጉናዋለች። ጅራፉ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል። ፊት ለፊቷ ማሳው ነው፤ ከማሳው በታች ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጣው መንገድ። የጣልያን ካሚዮን ሲያልፍ መጀመሪያ አቧራው ይታያል፣ ድምፁ በኋላ ይመጣል። ጀርባዋን ስትዞር የጮቄ ተራራ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙን እስከ አንገቱ ለብሶ።

መጀመሪያ ሰሞን ማማው ላይ ብቻዋን አልነበረችም። ታየች ከነወሬዋ ነበረች። የአበረ እናት ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ነበረ፤ እያንዳንዱ ፍርዱን ይዞ ርብራቡ ላይ ተደርድሯል። ያለምወርቅም ወፏን ትታ ለእያንዳንዱ መልስ ትሰጥ ነበር፤ ጮክ ብላ፣ እጇን እያወናጨፈች። ዋኔዎቹ፣ እነዚያ የዱር ርግቦች፣ በዚህ መሐል ሆዳቸው እስኪነፋ በሉ። አንድ ቀን በቀትር፣ ከቄሱ ጋር የጀመረችውን ክርክር ልታሸንፍ ጥቂት ሲቀራት፣ ከማሳው ዳር ዘለላ ዘለላው ተራቁቶ አየች። አፈረች። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲመጣባት ጠጠር ታነሣለች፤ ለወፍ ትወነጭፋለች፣ ሰውየውም አብሮ ይሄዳል። አንድ በአንድ ከማማው አወረደቻቸው። ታየች ከሁሉም ቆየች፤ እሷ ስትወርድ ርብራቡ የቀለለ መሰላት።

የቀረው አበረ ነው። እሱ በጠጠር የሚሄድ አልሆነም።

«ያለምወርቅ ባሏን የተወችው በጥርስ ነው» ይላል አገሩ፤ እውነት ነው። በሱ ቤት ሳለች የግራ መንጋጋዋን አመማት፤ ሳምንት ሙሉ ሳትተኛ ከረመች። ጥርስ የሚነቅል ሰው መጣ፣ ወጥሮ አስቀመጣት፣ «የቱ ነው?» አለ። አበረ መለሰላት። «የቀኙ ነው፣ ከኋላ ሁለተኛው።» ሰውየው ነቀለው። ደህና ጥርስ ነበር።

አበረ ክፉ ሰው አልነበረም። በነገሩ አዝኖ ዶሮ አረደላት፤ ማላመጥ እንደማትችል ያስታወሰው ወጡ ከቀረበ በኋላ ነው። ችግሩ ሁልጊዜ የሚመልስላት እሱ መሆኑ ነበር። የንስሐ አባታቸው «እንደምን ነሽ ልጄ?» ሲሏት «ደህና ናት» ይላል። እናቱ «ራበሽ?» ሲሏት «አልራባትም» ይላል። በፍቅር ነው የሚመልሰው፤ ሲመልስም ይመቸዋል። ያለምወርቅ ያበጠ ጉንጯን በነጠላ አስራ ወደ አባቷ ቤት ስትገባ ያመማት ጥርስ አሁንም እዚያው ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ተናግራዋለች። አወራሩን ታውቅበታለች፤ የት ላይ ዝም እንደምትል፣ ነቃዩን እንዴት አድርጋ እንደምታስመስል፣ ሰው የሚስቀው የት ላይ እንደሆነ። አንድ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከማሳው ሳይነሣ፣ ምላሷ እንደ ልማዷ ወደ ጥርሷ ክፍተት ስትሄድ ታሪኩ ራሱ መጣ። እዚያ የሚስቅላት ሰው የለም። ስለዚህ ሳታጣፍጠው አሳለፈችው፣ በሆነበት ፍጥነት። ነቃዩ «የቱ ነው?» ያለበት ቦታ ላይ ስትደርስ ታሪኩ ቆመ።

ጊዜ ነበረ።

ከነቃዩ ጥያቄ እስከ አበረ መልስ ድረስ፣ አንዲት ወፍ መጥታ ዘለላ ላይ ለማረፍ የሚበቃት ጊዜ ነበረ። አፏም ክፍት ነበር፤ ጥርስ የሚነቀልለት ሰው አፉ ክፍት ነው። ጣቷም ነበረ፤ ብትጠቁም ይበቃ ነበር። አልተናገረችም፤ አልጠቆመችም። ዓይኗ ወደ አበረ ነው የሄደው። እሱ እስኪመልስላት ጠበቀችው።

ያለምወርቅ ይህ ነገር አልጣማትም። ጠጠር አንሥታ ወፍ በሌለበት ወነጨፈች። ጠጠሩ ወንዙ ውስጥ ወድቆ ጠብ ሲል ሰማችው። ሌላ ወነጨፈች። ነገሩ ግን ንቅንቅ አላለም፤ እንደ ታየችም እንደ ቄሱም አልወረደም፤ ምክንያቱም የራሷ ነው። በዚያ ቤት አፏን የነጠቃት ሰው አልነበረም። እሷ ናት አምጥታ የሰጠችው። መጀመሪያ በፍቅር፣ ኋላ በስንፍና፤ ሰው ሲመልስልህ ይመቻል፣ እንደ በቅሎ ጀርባ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ «ነጠቀኝ» ስትል የኖረችው ያንን ነው።

እስኪ በዚህ ነገር ታለቅስ እንደሆን ራሷን ጠበቀች። እንባ አልመጣም። የመጣው ሳቅ ነው፤ ትንሽ ሳቅ፣ ለብቻ የሚሳቅ። ጉሙም ተገፎ ዘንጋዳው ሁሉ ጤዛውን እንዳዘለ ቀይ ሆኖ ብቅ አለ፤ ዋኔዎቹም ከፀሐይዋ ጋር መጡ፤ ወንጭፏን አነሣች።

ታየች ምሳ ይዛ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። በሶውንም ወሬውንም አንድ ላይ አቀረበች፤ እሷ ከታች ቆማ፣ ያለምወርቅ ከላይ ተቀምጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ሌላም ተሰምቷል። የተላጨው እስከ ቅንድቡ ነው አሉ።»

«ቅንድቡንም?»

«ቅንድቡን እንጃ። እስከ ቅንድቡ ነው የተባለው።»

ይህን ስትል ከደብረ ማርቆስ በኩል አውሮፕላን መጣ። ታየች በሶውን እንደያዘች ዘንጋዳው ሥር ገባች፤ ያለምወርቅ የማማው ክዳን ሥር ጥቅልል አለች። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ አለፈ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ፣ ድምፁ ቀረ። ታየች ቀሚሷ ገለባ ለብሶ፣ ነጠላዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ወጣች። ትንፋሿን ሰብስባ ወደ ሰማይ አየች።

«ማን ያውቃል፣ አበረም እዚያ ላይ ተቀምጦ ይሆናል» አለች። «ራስ ሲያብለጨልጭ ያየሁ መሰለኝ።»

«ዘንጋዳው ሥር ሆነው ነው ያዩት እትዬ?»

«በቅጠሉ መሐል።»

ያለምወርቅ ጎንበስ ብላ በሶውን እየተቀበለች ሳቀች። ታየችም ቆይታ፣ ሳትወድ፣ ሳቀች። «ሳቂ» አለች። «ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አያለሁ። እሺም ብትይ እምቢም ብትይ እኔ ነኝ አገር ለአገር የምጠየቀው።»

«የሚጠይቅዎት ሰው ካለ ወደ እኔ ይላኩት።»

«ዛፍ ላይ?»

«ማማ ላይ።»

ኅዳር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በጠዋት፣ ጦጣ መጣ። ጦጣ ጠጠር አይፈራም፤ ጅራፍ ነው የሚፈራው። ያለምወርቅ ጅራፉን ይዛ ከማማው ወረደች፣ ወደ ማሳው ዳር ሮጠች፣ አሽከርክራ አጮኸችው። ጅራፍ በጉም ውስጥ ሲጮህ ከጠመንጃ አይለይም። ጦጣዎቹ ብን ብለው ጠፉ። ከታች ደግሞ፣ በወንዙ ዳር ባለው ቀጭን መንገድ፣ ለጣልያን የገቡ ባንዳዎች ጠመንጃቸውን ይዘው በሰልፍ ያልፉ ኖሯል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጭቃው ላይ ተኙ።

ቀና ብለው የተኮሰውን ሲፈልጉ ያገኙት አንዲት ሴት ነው። አለቃቸው ደረቱ ጭቃ ሆኖ ወደ እሷ ወጣ።

«ማነው የተኮሰው?»

«ጅራፍ ነው።»

ተቀብሏት አገላበጠው፤ ጥይቱ የሚገባበትን የሚፈልግ ይመስል ነበር። «ለምንድን ነው ያጮህሽው?»

«ጦጣ መጣብኝ።»

ከኋላ ካሉት አንዱን ሳቅ ፈነቀለው። አለቃው ዞር ብሎ ሲያየው ሳቁን ዋጠ።

«ማሳ የምትጠብቂው አንቺ ነሽ? ባልሽስ የት ሄዶ ነው? በረሃ ነው?»

«እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ» አለች ያለምወርቅ። «የሚጠየቅ ካለ እኔን ጠይቁ።»

አለቃው እንደደከመው ሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ጭቃውን ያራግፍ ጀመር። ራሱ ልሙጥ ነው፤ ላብና ጤዛ ወዝቶበታል። ያለምወርቅ ሳታስበው ያንን ራስ ታይ ነበር፤ እሱም አያይዋን አየ። ገበያ ሁሉ እንደዚያ ያየዋል፤ ሚስቶች፣ እናቶች፣ እህቶች።

«ከዚህ አገር ዘንድሮ ብዙ ሰው ገብቷል» አላት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የገባውን ሁሉ በመልኩ አውቀዋለሁ። የጠፋብሽ ሰው ካለ ስም ጥሪ። አለ እልሻለሁ፣ ወይ የለም እልሻለሁ። ለማንም አልናገርም።»

ወጥመድ አልመሰላትም፤ የደከመው ሰው ነው። ያለምወርቅ አፏን ከፈተች። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብትል የታየች ወሬ፣ የቄሱ ፍርድ፣ የገበያው ክርክር ሁሉ እዚያው ያበቃ ነበር። ልቧ ሲመታ ልትሰማ ጠበቀች። ሰው ስቅታ ሲይዘው ቀጣዩን እንደሚጠብቅ ጠበቀችው። አልመጣም። ጎኗ ያለው የዘንጋዳ ዘለላ ላይ አንዲት ወፍ መጥታ አረፈች፤ የልቧም ዓይን ወደዚያው ሄደ።

«የጠፋብኝ ሰው የለም» አለች። «ወፉ ግን እየበላብኝ ነው።»

አለቃው ባርኔጣውን መልሶ ደፍቶ ተነሣ። ጅራፉን መለሰላት። ሰዎቹ ጥቂት የዘንጋዳ አገዳ ሰብረው፣ እየመጠጡ፣ ጭቃቸውን እያራገፉ ሄዱ።

ማማው ላይ ወጥታ ጅራፉን ወደ ቅርንጫፉ መለሰች። ከዚያ ያለችውን ቃል መልሳ አየችው። «የጠፋብኝ ሰው የለም።» ለባንዳ የተነገረ ውሸት መስሏት ነበር፤ እንዲህ ላለ ሰው ውሸት ኃጢአት አይሆንም ብላ ነበር የተናገረችው። አገላብጣ ብታየው እውነት ሆኖ አገኘችው።

እንዲያም ሆኖ ራሷን ለማመን አልፈለገችም። ከቀትር በኋላ፣ ወፍ ጥላ ፈልጎ በሚተኛበት ሰዓት፣ አበረን በሁለት መልኩ ፊቷ አቆመችው። መጀመሪያ ጎፈሬውን ጫነችለት። ጠመንጃ አንግቶ፣ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ተጎዝጉዞ ሊወስዳት መጣ። ሰዉ ተሰበሰበ፣ እልል ተባለ፣ እሷም አብራ እልል አለች፣ በቅሎ ላይ ወጣች። እስከዚህ ድረስ ጥርት ብሎ ታያት፤ ደስም አላት። ማግስቱን ልታይ ሞከረች። እልልታው አልቋል፣ በቅሎዋ ታስራለች፣ ጎረቤት መጥቶ «እንዴት አደርሽ?» ይላል፤ አበረ «ደህና አድራለች» ይላል። ከዚያ ወዲያ ጨለመባት። ሌላ ቀን አልታያት አለ።

ተላጭቶም አቆመችው። ናቀችው፣ ምራቋን እንትፍ አለች፣ በሩን ዘጋችበት። ይህም ጥርት ብሎ ታያት፤ ይህም ደስ አላት። ማግስቱ ላይ ግን የተናቀ ሰው ይዛ መቀመጥ አሰልቺ ሆነባት።

ከዚያ ሁለቱንም አበረ ከፊቷ አንሥታ፣ ማግስትን ለብቻው ጠራችው፤ የነገን ጠዋት። ወዲያው መጣ። ጉሙ፣ ጮቄ፣ ዋኔዎቹ ከፀሐይ ጋር፣ የታየች በሶ፣ ዘንጋዳው ሲታጨድ፣ ማሳው ለከብት ተከፍቶ ጥጃው ገለባ ሲነጭ፣ በሚያዝያ እርሻው፣ ቡቃያው፤ በየቦታው ራሷን አገኘች፣ ጭቃ የነካው ቀሚሷን ለብሳ፣ ማንንም ሳትጠብቅ። እየቆጠረች ሄደች፤ ቀኖቹ አላለቁባትም። ይህን ሁሉ ጊዜ ደስ ብሏት እንደከረመ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው፤ ማንም ስላልነገራት አላስተዋለችውም ነበር። ተንበርክካ ወንዙን፣ ማሳውን፣ መንገዱን አየች። ወፎቹ ነቅተው መጡ። ወነጨፈችባቸው፤ እየወነጨፈች ስትዘፍን ድምፅዋ ማሳው ላይ ተሰማ። ማዶ ያለው የጤፍ ጠባቂ ሳይቀር ተቀበላት።

ለኅዳር ሚካኤል፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ፊት ፊት የሚሄዱት ከዲማ የመጡት መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው፤ የአበረ እናት አጎት፣ ጥምጥማቸው ከሳቸው የሚበልጥ ቀጭን ሽማግሌ። እንደ ወጉ ደጁ ላይ ቆሙ። እንዳላማው ወጥቶ ጉልበት ሳመ፣ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ፣ በትራቸውን ተደግፈው።

«የሚመልሰው እኔ አይደለሁም። እሷ ናት» አለ እንዳላማው፤ ለዓመት የሚበቃ ንግግሩን አውጥቶ። ታየች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ያለምወርቅ ወጣች፣ እጅ ነሣች። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ የመጣነው ስለ ባልሽ ስለ አበረ ነው። ከሁሉ አስቀድመን ስለ ፀጉሩ የሚወራውን…»

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ያለምወርቅ። «ስለ ፀጉሩ አይንገሩኝ።»

ሽማግሌው በትራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። በዕድሜያቸው ሙሉ የጀመሩትን ነገር ያቋረጠባቸው ሰው የለም። «እንዴት አልንገርሽ? መልስሽ የሚቆመው በሱ ላይ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም አባቴ። ነበር። አሁን ግን ቢኖርም ቢላጭም የምመልሰው አንድ ነው። ቀድመው ከነገሩኝ ግን፣ ሰዉም እኔም፣ ስለ ፀጉሩ ብዬ የመለስኩ ይመስለናል። ስለዚህ መልሴን ስሙኝ፣ ከዚያ እንዳሻዎት።»

«ኧረ ይንገሩን» አለች ታየች ከበሩ ጀርባ።

«ይቆዩ እትዬ።» ወደ መሪጌታ ዞረች። «አልመለስም። አበረ ክፉ ሰው አይደለም። የገባም ከሆነ አገሩ ይጠይቀው፤ ያልገባም ከሆነ አገሩ ይመርቀው። የኔ ነገር ከዚያ ያነሰ ነው። እሱ ቤት ስሆን አፌን እሰጠዋለሁ፤ እሱም ይቀበለኛል። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም፣ የኔም ነው፤ ይህን ንገሩልኝ። አሁን አፌን አግኝቼዋለሁ። የእናቴ መሬትም አለኝ። እንለያይ፣ በሰላም።»

ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። «ይህን ማን አስተማረሽ?» አሉ መሪጌታ አካለ ወልድ።

«ማንም። ወፍ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።»

«እኛም በተማሪነታችን ቅኔ ለመቁጠር ለብቻ ጫካ እንውል ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ ለራሳቸው የሚነግሩ መስለው። «ሁልጊዜ ግን ይዘነው የምንመለሰው የጌታን ስም የሚያመሰግን ነገር ነው። የራሳችንን ጥፋት ይዞ የተመለሰ አላስታውስም።» ከዚያ ወደ እንዳላማው ዞሩ። «እንቀመጥ፤ እግራችን ዛለ።»

ተቀመጡ። ጠላ ተቀዳ፤ ሰማንያው በሰላም እንዲፈርስ ቃል ተገባ፤ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ያለምወርቅ ማማው ላይ ሁለተኛ ጎንጉና ያቆየችውን አዲስ ወንጭፍ አምጥታ ለመሪጌታ ሰጠች።

«ለአበረ ይስጡልኝ። በረሃም ቢሆን፣ ደብረ ማርቆስም ቢሆን፣ ወፍ አይጠፋም።»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ታየች እስከ ደጅ ሸኘቻቸው፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ እጆቿን አጣምራ፣ እንደታመመ ሰው። መሪጌታ ደጁ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ ወደ ያለምወርቅ ዞሩ።

«አሁን መናገር ይፈቀድልኛል?»

«አሁን ይናገሩ አባቴ።»

«ተላጭቷል።»

ታየች እጇን አጨበጨበች። «አላልኩም? አላልኩም?»

«የላጨሁትም እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ አካለ ወልድ፣ ወንጭፉን ጥምጥማቸው ውስጥ እየሸጎጡ። «ከቡሄ በፊት ነው፤ ዓባይ በረሃ፣ ዋሻ ውስጥ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። እዚያ ሁሉም ተደራርቦ ነው የሚተኛው፤ ቅማል እንቅልፍ ነሥቶት ነበር። አሁንማ ሁለት ጣት በቅሏል።»